ሌቪ ካለፈ

ስምንት ዓመቴ እያለ እናቴ አንድ ሰው እንዲሞት ትፈልጋለች ብዬ አምኜ ነበር። ሰውየውን ደግሞ እኔ በጣም ነበር የምወደው። ስለዚህ ላድነው ተነሳሁ።

እንዳትስቁብኝ። እሺ፣ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ግራና ቀኝ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ታውንሃውስ። እናቴ ብሩክታይት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ አባቴ ዓብዩ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ኤፍራታ ነኝ፣ ኤፊ በሉኝ። ወንድሜ ሄኒ ያኔ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ሄኒ አስም አለበት። ሲነሳበት ደረቱ ውስጥ የሆነ ሰው ትንሽዬ ፊሽካ የሚነፋ ነበር የሚመስለኝ። መፍራት ያለብን ደግሞ ፊሽካው ሲያቆም ነው። ይሄን እማዬ ናት ያስተማረችኝ፤ «ድምፅ ካለው ደህና ነው። ዝም ካለ ሮጠሽ ጥሪኝ።»

ሰመር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፊሽካው ዝም አለ።

እማዬ ናይን ዋን ዋን ደወለች። የመንገዳችንን ስም ስፔል እያደረገችላቸው ገና ግማሹ ላይ ሳለች ሳይረኑ በራችን ላይ ደረሰ። የእሳት አደጋ ስቴሽኑ ከኛ ሁለት ብሎክ ላይ ነው፣ አምቡላንሱም እዛው ነበር የሚቆመው። አንድ ግዙፍ፣ ቀይ ጺም ያለው ሰውዬ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ጃኬቱ ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሌቪ» ይላል። ሄኒ ማስኩን ፈርቶ ሲታገል ሰውዬው መጀመሪያ የራሱ አፍንጫ ላይ አደረገውና እንደ ዝሆን ጮኸ። ከዛ ቱቦውን ለኔ ሰጠኝ።

«ትልቋ እህት አንቺ ነሽ? እንግዲያው አለቃዋ አንቺ ነሽ፣ ያዢልኝ።»

ያዝኩ። ሄኒ ተነፈሰ። እማዬ የሰውዬውን እጅ ይዛ ሳመችው፤ ሰውዬው ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከዛን ቀን ጀምሮ ሳድግ ሌቪን ላገባ ወስኛለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው አልኳችሁ።

መስከረም ላይ ጋሽ በፍቃዱ የሚባሉ የቤተክርስቲያናችን ሰው ሞቱ። ለቅሶ ሄድን። ሰዉ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «አለፉ እኮ፣ አለፉ» ይላል። ጎረቤታችንን እትዬ ውብነሽን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የት ነው ያለፉት?»

«ወደማይቀረው ነዋ፣ የኔ እናት።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ኤዲያ! ሞቱ ማለት እኮ ነው። ለምናከብረው ሰው ‹ሞተ› አይባልም፣ ነውር ነው። ‹አለፈ› ነው የሚባለው። እንደዚህ እያልሽ ልመጂ፣ አማርኛሽ ይስተካከል።»

ለመድኩ። የተነገረኝን ቶሎ የምይዝ ልጅ ነበርኩ፣ ጣጣውም እሱ ነው።

ከዛ በኋላ በነበረው እሁድ፣ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን፣ ጠረጴዛው ላይ የስፔሊንግ ቃላት እየጻፍኩ ነው። እማዬና አባባ ከጀርባዬ ቆመው ያወራሉ፤ ቀስ ብለው ነው ግን ቀስ ብለው ሲያወሩ ይበልጥ ነው የሚሰማኝ።

«ሌቪ ካለፈ እኛ አለቅን በይ» አለ አባባ።

እርሳሴ ቆመ።

«ካላለፈ ደግሞ ሄኒዬን ማን ያተርፍልኛል?»

«እግዚአብሔር ነዋ።»

«እግዚአብሔርማ ሁለት ብሎክ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። አንተ ነህ አልፈልግም የምትለው።»

«ብሩክዬ፣ በቀን አሥራ አራት ሰዓት መሪ ይዤ ነው የምውለው። ይሄ ወገብ እኮ የኔ አይደለም። ከየት ላምጣ?»

«አላውቅም። ለልጄ ስል ማለፍ አለበት። አለቀ።»

አሁን ቢሆን በአንድ ትንፋሽ አስረዳችኋለሁ። ሌቪ ማለት ግብር ነው። ለሰፈራችን እሳት አደጋና አምቡላንስ በጀት አጥሮ፣ የቤት ታክስ ላይ ትንሽ ይጨመር ወይስ አይጨመር ተብሎ ኖቬምበር ላይ ሰዉ ቮት ሊያደርግበት ነበር። ካለፈ አምቡላንሱ እዛው ይቆያል፣ ካላለፈ ራቅ ወዳለ ስቴሽን ይሄዳል። አባባ ቤቱን እንዳናጣ ፈራ፣ እማዬ ሄኒን እንዳናጣ ፈራች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

እኔ ግን የማውቀው ሌቪ አንድ ነው፤ ቀይ ጺም ያለው፣ እንደ ዝሆን የሚጮኸው። እናቴ ያንን ሰው እጁን ስማ ስታበቃ አሁን ይለፍ ትላለች። ያውም በክብር! ይሙት እንኳን አላለችም።

በማግስቱ ከስኩል ባሱ መስኮት ምልክቶቹን አየኋቸው። በየሰዉ ሣር ላይ ተተክለዋል። የእሳት አደጋ መኪና ስዕል፣ ከሥሩ «ሌቪ»፣ ከጎኑ «የስ»። ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ደግሞ «ሌቪ»፣ «ኖ»። ሰፈሩ በሙሉ ሰውዬው ይሙት አይሙት ብሎ ለሁለት ተከፍሏል። እትዬ ውብነሽ ሣር ላይ ያለው «የስ» ነው። እትዬ ውብነሽ! ቦርሳቸው ውስጥ ከረሜላ ጠፍቶ የማያውቀው!

በዛ ሳምንት ቁርስ መብላት አቆምኩ።

እናቴ ሞቱን ለምን እንደምትፈልግ ለማወቅ ደግሞ ብዙ አልፈጀብኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል በጉ እንደተተካለት ተምረን ነበር። በቃ። ሄኒ ይስሐቅ ነው፣ ሌቪ በጉ ነው። ከሁለቱ አንዱ ማለፍ አለበት፣ እናቴ ደግሞ ልጇን መርጣለች። የማን እናት አትመርጥም? ገባኝ እኮ። የገባኝ መሆኑ ነው ያስፈራኝ።

ኦክቶበር ላይ ትምህርት ቤት ስቴሽኑን ሊያስጎበኘን ወሰደን። ልጆቹ ሁሉ መኪናው ላይ ሲንጠለጠሉ እኔ ቀጥታ ሌቪ ጋ ሄድኩ። ረሳኝ መሰለኝ። «የሄኒ እህት ነኝ፣ ቱቦ የያዝኩት» ስለው ፊቱ በራ፣ ቁጢጥ አለልኝ። እኔም የሰማሁትን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ ነገርኩት።

«እናቴ ሌቪ እንዲያልፍ ትፈልጋለች።»

ይደነግጣል ብዬ ነበር። ፈገግ አለ።

«እናትሽን አመስግኚልኝ። እኔም በጣም ነው የምፈልገው።»

«አንተም?»

«አዎ። እንደ ወንድምሽ ላሉ ልጆች ሲባል።»

ከጀርባው አንዱ ጓደኛው «ሌቪ ለሌቪ! ስምህን እኮ መቀየር አለብህ» ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ። ምስኪን፣ ወር ሙሉ በስሙ ሲቀልዱበት ከርመው ይሆናል። እኔ ግን ሳቃቸውን ማመን አቃተኝ። ጓደኛቸው ሊሞት እኮ ነው! እሱ ደግሞ እሺ ብሏል። በጉ ራሱ እሺ ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። ስቲከር ሰጠኝ። አውቶቡስ ውስጥ ስቲከሩን ይዤ እስክንደርስ አለቀስኩ፤ መምህሯ መኪናው ላይ ስላልወጣሁ መሰላት።

እንግዲህ ዋናው ቀን፣ ቮቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

የሁለቱም የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ መጥቶ ነበር፣ ሞልተው፣ ፈርመው፣ አሽገውታል። አባባ እኔን ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ ጫማውን ሲያጠልቅ እማዬ የሷን ፖስታ ከሱ ላይ ደረበችለት።

«የኔንም አብረህ ክተትልኝ።»

«የጠላቴን ደብዳቤ አድርስ እያልሽኝ ነው እኮ» አለ እየሳቀ።

«አደራ፣ ዓብዩ።»

«እሺ በቃ፣ አደራ።»

ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን ጋ ስንደርስ ማቆሚያ የለም። አባባ መንገዱ ላይ ከቆመ መኪና ጎን አቁሞ ሁለቱን ፖስታ በመስኮት ሰጠኝና «ሮጥ በይ፣ የትራፊክ ቲኬት ሳይጽፉብኝ» አለኝ። ወረድኩ። የአባባ ስም ያለበትን ከተትኩ። እሱ ለሌቪ ነው የሚከራከረው፣ እሱ ይግባ። የእማዬን ያዝኩት። ፊርማዋ ፖስታው ጀርባ ላይ፣ እንደሁልጊዜው መጨረሻው ወደ ላይ የወጣ።

ሄኒስ? ይሄን አሰብኩ፣ እንዳታስቡ አላሰበችም ብላችሁ። አሰብኩና «ሄኒን እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኩ። ቱቦ መያዝ እችላለሁ፣ አለቃዋ እኔ ነኝ ተብያለሁ። ከእግሬ ሥር የዝናብ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ፖስታውን እዛ ውስጥ ለቀቅኩት። ድምፅ እንኳን አላሰማም።

«ከተትሽ?» አለ አባባ።

«አዎ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ከዛን ቀን በኋላ ሄኒን መጠበቅ ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ፊሽካውን አዳምጣለሁ። ካርቱን ሲያይ ሲስቅ «አትሳቅ!» እለዋለሁ፣ እንዳይደክመው። አንዴ ሮጠ ብዬ በጥፊ መታሁት። እማዬ ቅናት መስሏት «ትልቅ ልጅ አይደለሽ እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ቮቱ ባለቀ ማግስት ጠዋት አባባ ስልኩን እያየ ወደ ኪችን ገባ። የተደሰተም አይመስልም።

«ሌቪ ወደቀ» አለ።

ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። «ከየት? ከመሰላሉ ነው?»

አባባ አየኝና ሳቅ አፈነዳ። «ከየት ይውደቅ? ቮቱ ነው እንጂ! ሁለት መቶ ምናምን ድምፅ አነሰው።» እማዬ አልሳቀችም። ስኒዋን አስቀመጠችና ወደ ግድግዳው እያየች፣ «ሌቪ ሰው አይደለም፣ ኤፊ። ታክስ ነው። ለአምቡላንሱ ነበር። አሁን ይወስዱታል» አለችኝ።

እንደዛ፣ በአንድ አረፍተ ነገር። ባዝሩም ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዳዳው ውስጥ የጨመርኩት የሰው ሞት ሳይሆን የእናቴን ድምፅ ነው። የሷ አንድ ወረቀት ሁለት መቶውን አይሞላም ነበር፣ አውቃለሁ። ይሄን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አትጠይቁኝ። የዛን ቀን ግን ለማንም አልነገርኩም። ነገም አልነገርኩም። ከዛ ሳይነገር የቆየ ነገር ሆነ።

ጃንዋሪ ላይ አምቡላንሱን አነሱት። ፌብሩዋሪ ላይ፣ በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት የተዘጋ ቀን፣ ልክ ምሳ ሰዓት ላይ ፊሽካው ዝም አለ።

ስለዛ ብዙ አላወራም። እማዬ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ «የት ደረሱ? የት ደረሱ?» ትላለች። ስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ገና በላንግሊ ፓርክ በኩል እየመጡ ነው ትላታለች። እኔ የቤቱን የመተንፈሻ ማሽን ቱቦ ይዣለሁ፣ ቱቦው እንፋሎት ይተፋል፣ ሄኒ አይስበውም። ከንፈሩ ወደ ግራጫ ሄደ። አሥራ ሰባት ደቂቃ። ማይክሮዌቩ ላይ ያለውን ሰዓት ነበር የማየው። ሲደርሱ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ሌቪ አልነበረም።

ሄኒ ተረፈ። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ፣ ግን ተረፈ።

የመጀመሪያው ቀን አባባ ፌርፋክስ ሰው አድርሶ በበረዶ እየነዳ መጣ። እኔ ኮሪደር ላይ ብስኩት ይዤ ተቀምጫለሁ። እማዬ መስኮቱ ጋ ወስዳ የሆነ ነገር ጠየቀችው። «መልስልኝ እንጂ» ስትል ብቻ ነው የሰማሁት። አባባ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ፣ ብስኩቱን አቅርቤ «ትፈልጋለህ?» እስክለው ድረስ። ከዛ ወደ እሷ ዞረና «አዎ» አላት። ደክሞህ ይሆን ብላው ነው ብዬ ነበር።

ከዛ በኋላ እማዬ ሄኒ ክፍል መተኛት ጀመረች። ለአስሙ ነው ብዬ ነበር። ሰመር ሲገባ አባባ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ተከራየ። «ለኤርፖርቱ ይቀርበኛል፣ ሥራ እዛ ነው» አለን። አመንኩት፣ እውነትም ኤርፖርቱ ቅርብ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ በድልድዩ እየተሻገርን እሱ ጋ እንሄድ ነበር፤ እማዬ ታወርደንና ከመኪናዋ ሳትወርድ ትመለሳለች። ትልቅ ሳድግ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁለት፤ የገንዘብ ነገር፣ የድካም ነገር፣ የሰው ሁሉ ወላጅ ይለያያል ምናምን።

ዘንድሮ ጁን ላይ ሃይስኩል ጨረስኩ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀቴ በፖስታ መጣልኝ። ሌቪውን ደግሞ እንደገና ለቮት አውጥተውታል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እያየሁት እማዬ ከሥራ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን እያሸች በትከሻዬ አሻግራ አየችው።

«ስትጨርሺ ራስሽ ሄደሽ ክተቺው። ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ለምን?»

«እኔ ሰጥቼ አይቼዋለሁ።»

«ለማን ሰጥተሽ?»

«ለአባትሽ ነዋ። ጣለብኝ።» እንደ ድሮ ወሬ ነው የምታወራው፣ እግሯን እያሸች። «ኦንላይን ገብቼ ቼክ አደረግኩ እኮ። የሱ ደርሷል፣ የኔ የለም። አንድ ላይ የሰጠሁት! ታክሱን አልፈልግም ማለት መብቱ ነው፣ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አደራዬን በልቶ ቤት መጥቶ አብሮኝ ቁርስ መብላቱ ነው ያቃተኝ። ከዛ በኋላ አንድ ነገር ሲነግረኝ፣ ዝናብ ዘነበ እንኳን ሲለኝ፣ በመስኮት አይ ነበር።»

አሥር ዓመት ሙሉ ያንን ፖስታ ማንም መድረሱን ያላጣራው መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

ነገርኳት። እትዬ ውብነሽን፣ ጋሽ በፍቃዱን፣ ይስሐቅንና በጉን፣ ቀዳዳውን። ስናገር አማርኛዬ ጠፋኝ፣ ወደ እንግሊዝኛ ገባሁ፣ ተመለስኩ። እሷ እግሯን ማሸቱን አቁማለች።

«ሌቪ፣ ሰውዬው መስሎሽ? ያ ቀዩ?»

«አዎ።»

ሳቅም ልቅሶም ፊቷ ላይ ሊወጣ ሲጋፋ አየሁት፣ አንዱም አልወጣም።

«ጠይቄው ነበር እኮ» አለች በጣም ቀስ ብላ። «ሆስፒታል። ‹ጣልከው ወይ፣ እውነቱን ንገረኝ› አልኩት። ‹አዎ› አለኝ። ኤፊ፣ ‹አዎ› ነው ያለኝ።»

እኔ ያኔ ብስኩት ልስጥህ ብዬው ነበር። ይሄን አልነገርኳትም።

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ደወለችና ጠረጴዛው ላይ፣ ስፒከር ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ሄኒ ደህና ነው?» አለ።

እሷ ለሱ የምትደውለው ሄኒ ሲታመም ብቻ ነው።

«ደህና ነው። ኳስ ጨዋታ ሄዷል። ዓብዩ፣ አንተ አልጣልከውም።»

መኪና ውስጥ ነው። ሊታጠፍ ፍሬቻ አብርቶ ነበር መሰለኝ፣ ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል።

«ልጅቷ አጠገብሽ ናት?»

«ናት።»

«ስፒከሩን አጥፊው» አላት። «እሷ አትስማ።»

እማዬ አየችኝ። ከዛ ስፒከሩን አጠፋች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችና ባዶ እግሯን ወደ ኋላ በር ወጣች። በመስታወቱ አያታለሁ። በአንድ እጇ የበሩን እጀታ እንደያዘች ናት፣ አፏ አይንቀሳቀስም፣ እሱ የሚላትን ሁሉ እየሰማች ነው።